ጥንቸሉ ለምን እሳት ውስጥ ገባ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ስለ ልጆች መጻሕፍት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ይጠይቃሉ፤ ይኸውም የቡድሃ እምነትን ትምህርት በሥዕልና በአጭር ተረት ለሕፃናት ስለሚያቀርቡ መጻሕፍት ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች ሰፋ ያለ መልስ ስለሚሹ አብዛኛውን ቦታ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ለስድስት ዓመት ልጄ አንድ ባለሥዕል መጽሐፍ በስጦታ ደረሰን። ታሪኩ ለተራበ መንገደኛ የሚሰጠው ቢያጣ ራሱን እሳት ውስጥ ስለ ጣለ ጥንቸል ነው። ሥዕሎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው። ልጄ ግን እሳቱ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ እጄን ይዞ «ለምን ገባ? እናቱ የለችም?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው ስላጣሁ መጽሐፉን ደበቅሁት። የኋላ ሽፋኑ የቡድሃን ጥበብ ለልጆች እንደሚያስተምር ይናገራል፤ እኛ ደግሞ የዚያ እምነት ተከታዮች አይደለንም። እንዲህ ያለ ታሪክ ለልጅ ይነበባል? ባነብለትስ ሌላ ሃይማኖት ማስተማሬ ነው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ መጽሐፉን ከደበቁበት ያውጡት። ልጅዎ የቆመበት ገጽ የታሪኩ መጨረሻ አይደለም፤ ችግሩ የተፈጠረው ምናልባት ቀጣዩ ገጽ ሳይገለጥ መጽሐፉ በመዘጋቱ ነው።

ታሪኩ ጃታካ ከሚባሉት ተረቶች አንዱ ነው። ጃታካ ቡድሃ ከመጨረሻው ልደቱ በፊት፣ አንዳንድ ጊዜ ሰው አንዳንድ ጊዜም እንስሳ ሆኖ ኖሮባቸዋል የሚባሉትን ሕይወቶች የሚተርክ ስብስብ ሲሆን፣ ፓሊ በተባለው የህንድ ጥንታዊ ቋንቋ ተጽፎ በቆየው ቅጂ ውስጥ 547 ተረቶች አሉት። የጥንቸሉ ታሪክ በዚያ ተራ 316ኛው ነው። ጥንቸል፣ ጦጣ፣ ቀበሮና በወንዝ ዳር ዓሣ እያጠመደ የሚኖር አንድ እንስሳ ጓደኛሞች ናቸው፤ የጾም ቀን በመጣ ጊዜ ወደ እነርሱ ለሚደርስ እንግዳ ከምግባቸው ሊሰጡ ይስማማሉ። አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ሥጋና እርጎ፣ ጦጣውም ማንጎ ያዘጋጃሉ። ጥንቸሉ ግን ያለው ሣር ብቻ ነው፤ ሣር ደግሞ ለሰው አይቀርብም። ስለዚህ መንገደኛው ሲመጣ እሳት እንዲያነድ ነግሮት፣ ራሱን ምግብ አድርጎ ለመስጠት ወደ ፍሙ ይዘላል።

እዚህ ላይ የጥንቱ ተራኪ ሁለት ነገሮችን ያስገባል፤ ታሪኩን ለልጆች የሚያሳጥሩ ሰዎች ቆርጠው የሚጥሏቸውም ብዙውን ጊዜ እነዚህኑ ነው። የመጀመሪያው፣ ጥንቸሉ ከመዝለሉ በፊት ሰውነቱን ሦስት ጊዜ ያራግፋል። ለምን ቢባል፣ በፀጉሩ ውስጥ የተደበቁ ጥቃቅን ነፍሳት ካሉ ከእርሱ ጋር እንዳይቃጠሉ ነው። ሁለተኛው፣ እሳቱ አያቃጥለውም፤ በረዶ ውስጥ የገባ ያህል ይቀዘቅዘዋል እንጂ አንዲት ፀጉሩ እንኳ አትሞቅም። መንገደኛው ለካ ሳካ የተባለው የአማልክት ንጉሥ ነበር፤ የመጣውም ሊፈትነው ነው። ሳካም የጥንቸሉ ልግስና እንዳይረሳ ተራራውን በእጁ ጨምቆ በጭማቂው የጥንቸሉን መልክ በጨረቃ ላይ ይስላል። በህንድ፣ በቻይናና በጃፓን ብዙ ሰዎች ጨረቃን ሲመለከቱ ጥንቸል ይታያቸዋል።

እንግዲህ መጽሐፍዎን ከፍተው እነዚህን ሁለት ነገሮች ይፈልጉ። ካሉ፣ ለልጅዎ ጥያቄ መልሱ በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ እርስዎ ገጹን መግለጥ ብቻ ይቀርዎታል። ከሌሉ ግን የተበላሸው ታሪኩ ሳይሆን አሳጣሪው ነውና፣ የጎደለውን በቃልዎ ሞልተው ቢተርኩለት ነውር የለበትም። እኔ በበኩሌ ከመላው ታሪክ ይልቅ ያቺ ማራገፍ ትበልጥብኛለች። ራስን እሳት ውስጥ መጣል ለልጅም ለአዋቂም የማይደረስበት ነገር ነው፤ በፀጉር ውስጥ ላለች ነፍሳት መጠንቀቅ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ወዲያው የሚገባውና ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው ነው። ይህ ታሪክ በእምነቱ ተከታዮች ዘንድም የሚነገረው «እናንተም እንዲሁ አድርጉ» ለማለት ሳይሆን፣ ቡድሃ ለመሆን መንገድ የጀመረ ፍጡር ልግስናው እስከ ምን እንደሚደርስ ለማሳየት ነው።

ልጅዎ አሁንም ከፈራ ግን አያስገድዱት። ያው ስብስብ ለዚህ ዕድሜ የሚስማሙ ሌሎች ተረቶች አሉት፤ እኔ ብሆን 322ኛውን አስቀድም ነበር። አንድ ፈሪ ጥንቸል በተኛበት አጠገብ ፍሬ ከዛፍ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲወድቅ ሰምቶ «ምድር ፈረሰች!» እያለ ይሮጣል። ጥንቸሎች ይከተሉታል፣ አጋዘኖች ይከተላሉ፣ ዝሆኖች ሳይቀሩ ይከተላሉ። አንበሳው ብቻ ቆሞ «ማን አየ?» እያለ ከዝሆኖቹ ጀምሮ በተራ ወደ ኋላ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ያንኑ ጥንቸል በጀርባው ጭኖ ፍሬዋ ወደ ወደቀችበት ይመልሰዋል። ይህን ጮክ ብሎ ማንበብ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው።

ሃይማኖት ማስተማር ነው ወይ ላሉት፣ መልሱ በአነጋገርዎ ይወሰናል። «የቡድሃ እምነት ተከታዮች እንዲህ ብለው ይተርካሉ» ብሎ ማንበብ ስለ ሌላ ሕዝብ እምነት ማሳወቅ ነው፤ «እንዲህ ሆነ፣ እኛም እንዲህ እናምናለን» ብሎ ማንበብ ግን ማስተማር ነው፤ ልጆችም የሁለቱን ልዩነት ከምንገምተው በላይ ይረዳሉ። የማልመክረው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ እርሱም የታሪኩን ባለቤት ሰውሮ የማንም ያልሆነ «የደግነት ተረት» አስመስሎ ማቅረብ ነው። ጥንቸሉ በታሪኩ ውስጥ ጥንቸል ብቻ አይደለም፤ በሌላ ልደቱ ቡድሃ የሚሆን ነው፤ ይህ ከወጣ ጨረቃ ላይ መሳሉም ትርጉሙ ይሳሳል።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በምጠቀምበት አንድ ባለሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ፈረሱ ስለ ጠፋበት ገበሬ የሚናገር «የቡድሃ ታሪክ» አለ። ጎረቤቶቹ «ክፉ ዕድል» ሲሉ እርሱ «ምናልባት» ይላል፤ ፈረሱ ሌላ ፈረስ ይዞ ሲመለስ «መልካም ዕድል» ይሉታል፣ አሁንም «ምናልባት» ይላል። አንድ ባልደረባዬ ግን ይህ የቡድሃ ታሪክ አይደለም አለኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ታሪኩ ከቻይና የመጣ ሲሆን፣ የሚገኘውም ሊዩ አን የተባለው የኋይናን መስፍን በዙሪያው የነበሩትን ሊቃውንት ሰብስቦ ባዘጋጀውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ139 ዓመት ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ባቀረበው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ይህም የቡድሃ እምነት በቻይና ሥር ከመስደዱ በፊት መሆኑ ነው። መሠረቱ ታኦ ከተባለው የቻይና ጥንታዊ አስተሳሰብ ጋር ይቀራረባል። በጥንቱ ቅጂ ዋናው ሰው በድንበር አካባቢ የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ልጁ ከፈረስ ወድቆ እግሩ ይሰበራል፣ ጦርነት ሲነሣም በስብራቱ ምክንያት ከዘመቻ ይቀርና በሕይወት ይተርፋል።

በኋላ ዘመን ዜን የተባለው የቡድሃ እምነት ክፍል መምህራን ታሪኩን ወደዱት፤ ደስታንም ኀዘንንም አጥብቆ አለመያዝ ከእነርሱም ትምህርት ጋር ይስማማልና። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ «በዜን መምህራን ዘንድ የሚነገር» ቢል አልዋሸም፤ «ቡድሃ እንዲህ ብሎ ተረከ» ካለ ግን ተሳስቷል። በነገራችን ላይ፣ የቡድሃን ስም ከሥራቸው እየጻፉ የሚሠራጩ ብዙ ጥቅሶችም ከየትኛውም የእምነቱ ጥንታዊ ጽሑፍ የማይገኙ ናቸው፤ ምንጩን የማይነግር መጽሐፍ ሲያጋጥምዎ መጠራጠር ይገባዎታል። ለክፍልዎ ግን ታሪኩን አይጣሉት፤ ስሙን ብቻ ያርሙለት።

ጥያቄ፦ ሠዓሊ ነኝ፤ ጽሑፉንም ራሴ እየሞከርሁ ነው። አንዲት ልጅ በባሕር ዳር የአሸዋ ቤት ትሠራለች፤ ማዕበል ይመጣና ያፈርሰዋል፤ ታለቅሳለች፤ አንድ መነኩሴም ሁሉ ነገር አላፊ መሆኑን ያስተምራታል። ረቂቁን ያዩ ጓደኞቼ በመጨረሻው ገጽ ላይ ትምህርቱ በግልጽ ይጻፍ ይላሉ። መጽሐፉ ስንት ገጽ ይሁን? የቡድሃን መልክ በአንዱ ገጽ ላይ መሣልስ እችላለሁ?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። ባለሥዕል የልጆች መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ምክንያቱ ከጥበብ ይልቅ ከማተሚያ ቤት የመጣ ነው፤ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ገጹ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ ሁለት ወረቀት 32 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ለርዕስና ለኅትመት መረጃ የሚሆነው ሲቀነስ ለታሪኩ ወደ 14 የሚሆኑ ባለሁለት ገጽ ሥዕሎች ይተርፉልዎታል። ይህን አስቀድመው በትንሽ ወረቀት ላይ በሣጥን ሣጥን ከፍለው ይንደፉት።

አሁን ወደ አሸዋው ቤት። ሐሳብዎ እርስዎ ከሚገምቱት በላይ የቆየ ነው። በፓሊ ከተጻፉት የቡድሃ ንግግሮች በአንዱ፣ ቡድሃ ራዳ ለተባለ መነኩሴ ስለ ልጆችና ስለ አሸዋ ቤት ይነግረዋል። ልጆቹ ፍቅሩ እስካልወጣላቸው ድረስ በአሸዋ ቤታቸው ይጫወታሉ፣ ይሳሱለታል፣ «የእኔ ነው» ይላሉ፤ ፍቅሩ ሲወጣላቸው ግን በእጃቸውና በእግራቸው በትነው ያፈርሱታል፣ ጨዋታውም ያበቃል። ልብ ይበሉ፤ እዚያ ማዕበል የለም። በእርስዎ ረቂቅ ቤቱን የሚያፈርሰው ባሕሩ ነው፤ ልጅቷ ተጎጂ ናት፣ መነኩሴውም አጽናኝ። በጥንቱ ምሳሌ ግን የሚያፈርሱት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ማንም አልነጠቃቸውም፣ ማንም አላጽናናቸውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው የሚያሳየው ማጣትን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መልቀቅን። ቡድሃ በተለይ የሚያስተምረው ሁለተኛውን ነው።

የቲቤት መነኮሳት የሚሠሩት የአሸዋ ማንዳላም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ባለቀለም አሸዋን በቀጭን የብረት ቱቦ እያንጠባጠቡ፣ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ወስደው እጅግ የረቀቀ ንድፍ ይሠራሉ፤ ሲያልቅ ግን ጠርገው ይሰበስቡትና ወደ ወራጅ ውሃ ያፈስሱታል። መጥረጊያውን የሚያነሣው ጎርፍ ወይም ነፋስ አይደለም፤ የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ አንድ ሙከራ እመክርዎታለሁ። ማዕበሉ መጥቶ ያፍርሰው፤ ልጅቷም ታልቅስ፤ ልጅ ማልቀሱን የሚከለክል መጽሐፍ እኔም አልወድም። ከዚያ በማግሥቱ ተመልሳ ትሥራ። በሦስተኛው ቀን ማዕበሉ ሳይደርስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ራሷ በእግሯ እየዘለለች ታፍርሰውና ወደ ቤቷ ትሂድ። መነኩሴው አያስፈልግም። ከፈለጉት በሩቅ ሆኖ ወንዝ ዳር አሸዋ ሲያፈስስ ይታይ፤ ምንም አይናገር፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የአንባቢው ዓይን ይሁን።

ጓደኞችዎ ይጻፍ ስላሉት የመጨረሻ ገጽ ቡድሃ ራሱ ልጅን እንዴት እንዳስተማረ ላስታውስዎት። ራሁላ ልጁ ነው፤ ትውፊቱ እንደሚለው ስለ ውሸት ሲመክረው ራሁላ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ቡድሃ ሲመጣ ልጁ መቀመጫና የእግር መታጠቢያ ውሃ አቀረበ። ቡድሃ እግሩን ታጥቦ በመቅጃው ጥቂት ውሃ አስቀረና «በመቅጃው የቀረችው ጥቂት ውሃ ትታይሃለች?» ብሎ ጠየቀው። አውቆ መዋሸትን የማያፍር ሰው ያለው ነገር እንዲሁ ጥቂት ነው አለው። ያቺን ውሃ ደፋና እንዲሁ የተደፋ ነው አለው። መቅጃውን ገለበጠው፣ መልሶም ቀና አድርጎ ባዶነቱን አሳየው፤ በየጊዜውም ንጽጽሩን ነገረው። ቀጥሎ መስታወት ለምን እንደሚጠቅም ጠየቀው፤ ልጁም «ለማየት» አለ። እንግዲያው ሥራህንም ሳትሠራው፣ እየሠራኸውና ሠርተኸው ከጨረስህ በኋላ እንዲሁ ተመልከተው አለው። የህንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው አንድ አዋጅ መነኮሳትና ምእመናን ሊሰሟቸው ከሚገቡ ትምህርቶች መካከል ለራሁላ ስለ ውሸት የተሰጠውን ምክር ጠቅሷል።

አዎ፣ ቡድሃ በዚያ ቀን ተናግሯል፤ ዝም አላለም። ነገር ግን እያንዳንዱን ቃል የተናገረው መቅጃው በእጁ፣ ውሃው በልጁ ዓይን ፊት እያለ ነው። በባለሥዕል መጽሐፍ ውስጥ መቅጃው የእርስዎ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ውሃውን ካሳየ በኋላ በመጨረሻው ገጽ «እንግዲህ ልጆች፣ ሁሉ ነገር አላፊ ነው» ብሎ መጻፍ፣ ለልጁ አላየህም ብሎ እንደ መናገር ነው። ያ ገጽ ባዶ ባሕር ዳርና የትናንሽ እግሮች ዱካ ቢሆን እኔ እመርጣለሁ።

ስለ ቡድሃ መልክ፣ መሣል አልተከለከለም፤ በመላው እስያ ምስሉ በአክብሮት ይሣላል፣ ይቀረጻል። ይሁን እንጂ ሳንቺና ባርሁት በተባሉት የህንድ ጥንታውያን ቦታዎች ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በተቀረጹት የድንጋይ ሥዕሎች፣ ቡድሃ በሰው መልክ አይታይም። ባዶ ዙፋን፣ ጥላ የያዘ ዛፍ፣ መንኮራኩር ወይም የእግር ዱካ አለ፤ ሰዎችና አጋዘኖችም ወደዚያ ባዶ ቦታ ዞረው ይሰግዳሉ። እነዚያ ቅርጾች የጃታካ ተረቶችንም ስለያዙ፣ ማንበብ የማይችል ሁሉ እየዞረ የሚያያቸው የድንጋይ ባለሥዕል መጻሕፍት ነበሩ ማለት ይቻላል፤ በባርሁት እንዲያውም ለብዙዎቹ ሥዕሎች ርዕሳቸው ከሥራቸው ተቀርጿል። ከመልኩ ይልቅ ይህን ባዶ ቦታ ለመጠቀም ቢሞክሩ የእግር ዱካው ገጽዎ ሳይታሰብ ሁለት ሥራ ይሠራል።

መልኩን ከሣሉ ግን ለአቀማመጡ ይጠንቀቁ፤ መጫወቻ፣ መቀመጫ ወይም መሬት ላይ የወደቀ ዕቃ አያድርጉት። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በምያንማር የአንድ መጠጥ ቤት ማስታወቂያ ቡድሃን ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንዳጠለቀ አድርጎ በማሳየቱ ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ጥያቄ፦ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በግእዝ ተተርጉሟል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ ለልጆች በሥዕል ሊቀርብ አይችልም?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የተተረጎመው ግን ክርስቲያናዊ ልብስ ለብሶ ነው። የበረላምና የይዋሴፍ ታሪክ አንድ የህንድ ንጉሥ፣ ልጁ ዓለምን እንደሚተው በትንቢት ሰምቶ በቤተ መንግሥት ዘግቶ እንዳሳደገው ይናገራል፤ ልዑሉ በመጨረሻ ወጥቶ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን ያውቃል፤ በረላም የተባለው ባሕታዊም ያስተምረዋል። ይህ የሲዳርታ፣ ማለትም ቡድሃ ከመባሉ በፊት የነበረው ልዑል፣ የወጣትነት ታሪክ ነው። የልዑሉ ስም እንኳ ብዙ አልራቀም፤ ቡድሃ ለመሆን መንገድ የጀመረ ማለት የሆነው «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ በዐረብኛ አጻጻፍ በቃል መጀመሪያ ላይ «ብ» እና «ይ» የሚለያዩት በነጥብ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ገልባጭ ስሕተት «ዩዳሳፍ» አደረገው፤ «ይዋሴፍ» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት በትውልዳቸው የመናዊ የነበሩት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም ናቸው፤ ዘመኑም 1553 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ነው።

ለሥዕል የሚሆን ከተፈለገ፣ በረላም ለልዑሉ ከሚነግራቸው ምሳሌዎች አንዱን እመርጣለሁ። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ወደ ገደል ይወድቅና በመካከል የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል። ከላይ አውሬው፣ ከታች አፉን የከፈተ ዘንዶ አለ፤ የዛፉን ሥር ደግሞ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ፣ ማለትም ቀንና ሌሊት፣ እየተፈራረቁ ይቆረጥሙታል። በዚህ መካከል ከቅርንጫፉ ላይ ጥቂት ማር ይንጠባጠባል፤ ሰውየውም ሁሉን ረስቶ ይልሰዋል። ሠዓሊው ገጹን በቁመት ከተጠቀመበት፣ ልጆች አይጦቹን ለማግኘት በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ሲፈልጉ ይውላሉ።